የአድማሱ ሦስት ሥራና የኔ አንድ ቅናት

ከአንድ ዴስክ የተነሳ ሰው በጣም ርቆ ሲሄድ ደስ አይልም። ደስ ይላል የሚል ካለ፣ እሱ ዴስክ ተጋርቶ አያውቅም ማለት ነው።

እኔና አድማሱ እዚሁ ቦንጋ አንድ ዴስክ ላይ አራት ዓመት ተቀምጠናል። እሱ በመስኮቱ በኩል፣ እኔ በመተላለፊያው በኩል። አሥረኛ ክፍል እኔ ሁለተኛ ስወጣ እሱ ስድስተኛ ነው የወጣው። ይህን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። እኔ ግን ሳልጠየቅ እናገራለሁ። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ዕለት ደግሞ ወባ ያዘኝ። ባለቤቴ አስቴር «ወባ ሳይሆን ፍርሃት ነው» ትላለች። በቦታው አልነበረችም፤ ምን ታውቃለች? ብቻ እሱ ዩኒቨርሲቲ ገባ፣ እኔ መምህራን ማሠልጠኛ ገባሁ። እሱ ዲፕሎማት ሆኖ ባሕር ተሻገረ፤ እኔ የእንግሊዝኛ መምህር ሆኜ እዚሁ የተማርንበት ትምህርት ቤት ተመለስኩ።

ቅናት እንዴት እንደሚመጣ ታውቃላችሁ? የኔ በፖስታ ነው የመጣው።

የአድማሱ እናት እትዬ በላይነሽ ጎረቤታችን ነበሩ። ማንበብ አይችሉም። ልጃቸው ደብዳቤ በላከ ቁጥር ማን ያንብብላቸው? እኔ ነኛ! «ተካልኝ፣ ና እስቲ፣ የወንድምህ ወረቀት መጥቷል» ይሉኛል። አስተማሪ ሆኜ እንዴት እምቢ ልበል? የሰውየውን ስኬት በገዛ አፌ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነብላቸዋለሁ። «ትናንት በትልቅ አዳራሽ ንግግር አደረግሁ፤ ሰዉ ሁሉ ከመቀመጫው ተነስቶ አጨበጨበልኝ» ይላል። እትዬ በላይነሽ እልል ይላሉ። እኔ ምራቄን እውጣለሁ። አንድ ቀን ጭብጨባውን ዘልዬው አለፍኩ። እሳቸው ትክ ብለው አዩኝና፣ «ዛሬስ ማንም አላጨበጨበለት?» አሉ። ምን ልበል? «አጨብጭበዋል እትዬ፣ መስመር ዘልዬ ነው» ብዬ ወደ ኋላ ተመልሼ አስጨበጨብኩለት።

ሌላም ኃጢአት አለብኝ። በደብዳቤው መጨረሻ ላይ ለሁሉም ሰው ሰላምታ ይቀርባል። ለአክስት፣ ለክርስትና አባት፣ ላሟ ሳትቀር ደህና ናት ወይ ተብላ ትጠየቃለች። የኔ ስም የለም። ዝም እላለሁ? «ለወንድሜ ለተካልኝም የከበረ ሰላምታዬን አቅርቡልኝ» የምትል ከራሴ ጨምሬ አነባለሁ። እትዬ በላይነሽ «ይኸው! መቼ ረሳህ!» ይሉኛል። እኔም ደስ ይለኝ ነበር። የገዛ ውሸቴን አንብቤ ደስ ይለኝ ነበር እላችኋለሁ።

ሥራው የሕዝብ ዲፕሎማሲ ይባላል። ሌላው ዲፕሎማት ከመንግሥት ጋር ሲነጋገር፣ ይሄኛው ከሰዉ ጋር ነው። በየከተማው እየዞሩ ስለ አገር መናገር፣ ኤግዚቢሽን መክፈት፣ የሰው አገር ተማሪዎችን ማነጋገር። በአጭሩ ማውራት ነው። እኔም በቀን ስድስት ክፍለ ጊዜ አወራለሁ። ባንዲራ የተሰቀለበት መኪና ግን ደጄ ላይ ቆሞልኝ አያውቅም።

ይህ አልበቃ ብሎት ወደ ንግድ ገባ። አንድ ኤግዚቢሽን ላይ የውጭ ነጋዴ ቡናውን ቀምሶ «ከየት የመጣ ነው?» ቢለው፣ አድማሱ «ከእናቴ ጓሮ» አለው አሉ። በዚህች በሁለት ቃል ተቀጠረ። ከካፋ ጫካ ቡናና ማር እያስገዛ ባሕር ማዶ የሚሸጥ ኩባንያ ሰው ሆነ። እስቲ ፍረዱኝ። የእትዬ በላይነሽን ጓሮ ከኔ ጓሮ የሚለየው አንድ አጥር ነው። እኔ ጓሮ ቡና የለም? ጠያቂ ነው ያጣሁት።

ከሁለት ዓመት በፊት ታዲያ ንግዱንም በቃኝ ብሎ፣ የእናቱን ቤት ቆርቆሮ አስቀይሮ ቦንጋ ገባ። እትዬ በላይነሽ ቀደም ብለው አርፈዋል። ከተማው በሳምንቱ «አምባሳደር» የሚል ስም አወጣለት። ይሄ አንጀቴን አሳረረው። ሰውየው አምባሳደር ሆኖ አያውቅም! አንደኛ ጸሐፊ ነበር፤ ከአምባሳደር በታች ያለ የዲፕሎማት ማዕረግ ነው። ደብዳቤውን ያነበብኩት እኔ አይደለሁም እንዴ? ባንክ ቤት ወረፋ ላይ አስተካከልኩ፣ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ አስተካከልኩ። አንድ ቀን ባጃጅ ውስጥ ሾፌሩን «አምባሳደር አይደለም፣ ጸሐፊ ነበር» አልኩት። ልጁ ዞር ብሎ፣ «ጋሼ፣ ጸሐፊ ማለት ታይፕ የሚመታ ነው?» አለኝ።

አፌን ምን እንደነካው አላውቅም። «አዎ» አልኩት።

በአሥር ቀን ውስጥ ከተማው አወቀ። አድማሱ ኤምባሲ ውስጥ ታይፒስት ነበር ተባለ። እኔ ሰው የሚስቅበት መስሎኝ ነበር። ሰው ምን አደረገ መሰላችሁ? ማመልከቻውን ይዞ በሩ ላይ ተሰለፈ! የመሬት ጉዳይ ያለው፣ ዝውውር የሚፈልገው፣ የልጁ ስም የተሳሳተበት። አድማሱ ማን እንዳስወራበት እንኳ ሳይጠይቅ ላፕቶፑን በረንዳ ላይ አውጥቶ ይጽፍላቸው ጀመር። የሱ ማመልከቻ ደግሞ መልስ ያስገኛል። የዲፕሎማት ቋንቋ ነዋ! ሰውየው ከበፊቱ ይልቅ ተወደደ። አስቴር እንኳ የእህቷን ጉዳይ እሱ ዘንድ ወስዳ አስጻፈች። ሠላሳ ዓመት ቋንቋ ያስተማረ ባል ቤቷ ተቀምጦ!

ስጠይቃት፣ «አንተማ ቀይ እስክሪብቶ ይዘህ ታርመኛለህ» አለችኝ።

ይህ ሁሉ አልፎ ባለፈው ዓመት የባሰው መጣ። ርዕሰ መምህርታችን ከሌላ ክልል ተመድባ የመጣች ወጣት ናት። ቢሮ አስጠርታኝ፣ «ጋሽ ተካልኝ፣ አምባሳደሩ በነፃ እንግሊዝኛ ላስተምር ብለዋል። ለተማሪዎቹ ሞቲቬሽን ነው። አሥራ አንድ ሀን ለሳቸው እንስጣቸው፤ እርስዎ ሜንተር ይሁኗቸው» አለች። አሥራ አንድ ሀ ከሁሉ የምወዳት ክፍሌ ናት። ተቀማሁ። የቀማኝንም እንድደግፍ ታዘዝኩ።

ግን እውነቱን ልንገራችሁ? በልቤ ደስ አለኝ። ኤምባሲ ሌላ፣ አሥራ አንድ ሀ ሌላ! እዚያ ያጨበጨቡለት የተጋበዙ ሰዎች ናቸው። እኛ ዘንድ የተጋበዘ ተማሪ የለም።

የመጀመሪያው ቀን እኔ አጠገቡ ካለው ክፍል ነበርኩ። በመሐላችን ያለው ችፑድ ነው፤ ሳል እንኳ ያሳልፋል። አድማሱ በሙሉ ልብስ ገብቶ «የተከበራችሁ ተማሪዎች» ሲል ሰማሁ። ከዚያ ሳቅ። አንዱ ለመውጣት ፈቃድ ጠየቀ። ዲፕሎማት እምቢ አይልም፤ «እናስብበታለን» ነው የሚለው። እሱም «እናስብበታለን» አለ። ኤምባሲ ውስጥ ይህ እምቢታ ነው አሉ። ተማሪው ግን ፈቃድ መስሎት ወጣ። ሌላው ተነሳ፤ «እናስብበታለን»፤ ወጣ። ደወሉ ሳይደወል ግማሹ ክፍል ኳስ ሜዳ ነበር። እኔ በዚያ ቀን ያስተማርኩት ትምህርት እንዴት ያለ የደመቀ ነበር መሰላችሁ!

በሳምንቱ አድማሱ መምህራን ክፍል ፊት ለፊቴ ተቀመጠ። ከረባቱ ወደ ጎን ሄዷል።

«ተኬ» አለኝ፣ «አንተ ይህን ሥራ ሠላሳ ዓመት እንዴት ቻልከው?»

ይህን ጥያቄ ዕድሜ ልኬን ስጠብቀው ነበር። መልካም ሰው ብሆን ኖሮ የማውቀውን እነግረው ነበር። ስማቸውን አጥና፣ ድምፅህን ዝቅ አድርግ፣ በር ላይ ቁም እለው ነበር። እኔ ግን ምን አልኩት?

«ስለ ድልህ አታውራቸው። ዕድሜ ልክህን ስላሳፈረህ ነገር ንገራቸው። ተማሪ የሚወደው ያፈረ መምህር ነው።»

ውሸት ነው። ተማሪ ያፈረ መምህር ካገኘ በቁሙ ይበላዋል። ጉድጓድ ስትቆፍር አታርቀው ይላሉ፣ ማን እንደሚገባበት አይታወቅምና። እኔ ግን አርቄ ቆፈርኩት፣ አፉንም በቅጠል ሸፈንኩት።

በማግስቱ ጆሮዬን ችፑዱ ላይ አድርጌ ቆምኩ። ለተማሪዎቼ ድርሰት ጻፉ ብያቸዋለሁ። አድማሱ ጀመረ። ኩባንያው ውስጥ ሳለ ከዚሁ አጠገባችን ካለችው ከማንኪራ ማር ተጭኖ ሄደ። የሚሸጥበት አገር ብርድ ነው፣ ማሩ እዚያ ሲደርስ ረግቶ ነጭ ሆነ። ገዢዎቹ «ስኳር ተጨምሮበታል» አሉ። «ማር ሲበርደው እንደሚረጋ አውቃለሁ» አለ አድማሱ። «ልጅ ሆኜ በጣቴ እየቆረስኩ በልቼዋለሁ። ግን በዚያው ሳምንት አለቃዬ ለትልቅ ወንበር አጭቶኝ ነበር። ከነሱ ጋር መከራከር ፈራሁ። ዝም አልኩ። ከነዚህ ንብ አናቢዎች ከእንግዲህ አንገዛም የሚለውን ደብዳቤ የፈረምኩት እኔ ነኝ። ወንበሩንም አገኘሁ።»

ሳቁን ጠበቅሁ። የለም። የኔ ተማሪዎችም ድርሰቱን ትተው እያዳመጡ ነው። ከዚያ ወንበር ሲንሸራተት ተሰማኝ፤ አንዲት ልጅ ተነሳች። ድምጿን አወቅሁት፤ ሰላማዊት ናት፣ ከማንኪራ በእግሯ የምትመላለስ ጎበዝ ልጅ።

«ቲቸር፣ ማሩ የአባቴ ነበር» አለች። «አባቴ ስኳር አልጨመረም።»

የአድማሱ እርምጃ ወደ እሷ ሲሄድ ተሰማኝ።

«አውቃለሁ ልጄ» አለ አድማሱ። «ቅዳሜ ቤታችሁ ብመጣ አባትሽ ያስገቡኛል?»

«አላውቅም» አለች።

ቅዳሜ አብሬው ሄድኩ። ለምን አትሉኝም? ልደግፈው አይደለም። ሲባረር ላየው ነው። የማንኪራ መንገድ በዝናብ ጊዜ ጭቃው ጫማ ያወልቃል፤ የሱን ጥሩ ጫማ ሲያወልቅ አየሁ፣ ተደሰትኩ።

የሰላማዊት አባት ጋሽ ወልዴ ዛፍ ሥር ቀፎ እየጠገኑ ነበር። አላባረሩንም፤ ተቀመጡም አላሉን። አድማሱ ቆሞ ሁሉንም ነገራቸው። ሲጨርስ እሳቸው ሥራቸውን ሳያቆሙ፣ «አንተ ነህ እንዴ የፈረምከው?» አሉ።

«እኔ ነኝ ጋሽ ወልዴ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«እዚህ ይቅርታ ቀላል ነው» አሉ። «ማን ይሰማሃል? ንብ ብቻ ነው የሚሰማህ። እኔን ‹ስኳሩ ወልዴ› ያሉኝ ሺሺንዳ ገበያ ነው። ማር ይዤ ስቀመጥ ሰው እየሳቀ ያልፍ ነበር። ልጄን ሳይቀር እንደዚያ ብለው ጠሯት። ከዚያ ወዲህ እዚያ ገበያ ማር አውጥቼ አላውቅም። ይቅርታ ካለህ እዚያ ና።»

አድማሱ ፊቱ ተለዋወጠ። ከነገሥታት ፊት የቆመ ሰው ነው እኮ። ግን ሺሺንዳ ገበያ ዘመዶቹ አሉ፣ ማመልከቻ የጻፈላቸው ሰዎች አሉ። «እናስብበታለን» ሊል ነው ብዬ ጠበቅሁ።

«እመጣለሁ» አለ።

በገበያው ቀን አውቶቡስ ተሳፍረን ሄድን። ጋሽ ወልዴ ቀድመውን ደርሰዋል፤ አንድ ቅል ማር ፊታቸው አድርገው ተቀምጠዋል። ሰላማዊት ከጎናቸው ናት። አድማሱ ከማር ሻጮቹ መሐል ቆመ። ማይክ የለ፣ መድረክ የለ። በአገሬው ቋንቋ፣ በካፊኖኖ ነው የተናገረው። ከቤቱ የወጣው በጎረምሳነቱ ስለሆነ ካፊኖኖው እዚያው ቀርቷል፤ ሽበታም ሰው በጎረምሳ ቋንቋ ሲያወራ አስቡት። ሁለት ሦስት ሴቶች ሳቁ። እሱ ቀጠለ። ማሩ ንጹሕ ነበር አለ። እያወቅሁ ዝም አልኩ አለ። የዚህን ሰው ስም ያጠፋሁት እኔ ነኝ አለ። እጁን የሚያደርግበት ጠፍቶት ነበር።

አንድ የእህል ነጋዴ ከወዲያ ጮኸ፦ «ያኔ ለምን ዝም አልክ?»

«ፈራሁ» አለ አድማሱ።

ሌላ ምንም አልጨመረም። ያ ሁሉ ንግግር የሚችል ሰው!

ጋሽ ወልዴ ተነሱ። የቅሉን አፍ ከፈቱና ማሩን በጣታቸው ቆርሰው ለነጋዴው ዘረጉለት። «ቅመስ» አሉት። ነጋዴው ቀመሰ፤ አንገቱን ደፍቶ ለሌላው አቀበለ። ሰዉ ተሰበሰበ። ሰላማዊት ዞር ብላ በነጠላዋ ዓይኗን ስትጠርግ አየኋት። ከዚያ ሽማግሌው ያንኑ ማር የነካ እጃቸውን ለአድማሱ ሰጡት። ገበያው፣ ብታምኑም ባታምኑም፣ አጨበጨበ።

እኔ ዳር ቆሜያለሁ። ዕንባዬ መጥቷል፤ ይህን አልክድም። ግን ከዕንባው ሥር ምን ነበር? ቅናት! ሰውየው ውርደቱ እንኳ ተሳካለት! እኔ ባፍር ማን ያጨበጭብልኛል?

አውቶቡስ ውስጥ ስንመለስ አላስችለኝ አለ። የታይፒስቱን ወሬ ያስወራሁት እኔ ነኝ አልኩት። ምክሬም ለተንኮል ነበር አልኩት። እሱ ሳቀ።

«አንተ ነህ? ማመልከቻ መጻፉን ከሠራሁት ሥራ ሁሉ አብልጬ ነው የወደድኩት። ምክሩም ምክር ነው። ግን ለምን ተኬ?»

«ቀንቼብህ ነዋ! ሠላሳ ዓመት ሙሉ!»

ግራ ተጋብቶ አየኝ። በሽታ የነገርኩት ይመስል አዘነልኝ። እኔም እንግዲህ ከጀመርኩ ልጨርስ ብዬ የምፈራውን ጠየቅሁት። «አንተስ? አንድ ቀን እንኳ በኔ ቀንተህ አታውቅም? ቤቴን፣ ሰላሜን፣ አገሬ መኖሬን አይተህ?»

በቅን ልቡ አሰበ። ከአንድ ከተማ ወደ ሌላ ከተማ በሐሳቡ ሲመላለስ ይታየኛል።

«ተኬ፣ ልዋሽህ አልፈልግም» አለኝ። «ትዝ ብለኸኝም አታውቅ።»

ከሺሺንዳ ቦንጋ መንገዱ እንዲህ ረዝሞብኝ አያውቅም። ሠላሳ ዓመት ከሰውየው ጋር ስፎካከር ኖሬ፣ ለካ ሜዳው ላይ ብቻዬን ነኝ!

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ቅናት ከንቱ ነው ብዬ እመክራችሁ ነበር። አላለቀም። ዘንድሮ መስከረም አንድ ወጣት የሒሳብ መምህር ተመደበልን። ረጅም፣ ሳቂታ፣ ሒሳብን እንደ ጨዋታ የሚያስተምር። ተማሪው እንደ ንብ ከበበው። በአንድ ወር ውስጥ ስለ ማርም ስለ ኤምባሲም የሚጠይቅ ጠፋ።

አንድ ቀን በዕረፍት ሰዓት አድማሱ ደረቱን ይዞ መጣ። ፊቱ ገርጥቷል።

«ተኬ፣ እዚህ ጋ የሆነ ነገር ያቃጥለኛል። ምግብ አልበላ ብሎኛል። ትናንት ደግሞ ርዕሰ መምህርቷን ‹ያ ልጅ ሰሌዳ አጠቃቀም አይችልም› አልኳት። ምን አገባኝ? ምን ሆኜ ነው?»

ምልክቶቹን አንድ በአንድ አወቅኋቸው። ሠላሳ ዓመት የታመምኩት ነው እኮ። ኤምባሲው ያላስቀናውን፣ ንግዱ ያላስቀናውን ሰው፣ መምህርነት አስቀናው! ልቤ ዘለለ። ኮሌታዬን አስተካከልኩ።

«ቅናት ነው አድማሱ» አልኩት በእርጋታ። «በማን ነው ግን?»

በጣቱ በመስኮቱ አሳየኝ። የሒሳብ መምህሩ ሜዳው መሐል ቆሟል፤ አሥራ አንድ ሀ ከብባው ትስቃለች።

በኔ አይደለም። አሁንም በኔ አይደለም! ለአንድ ደቂቃ ያህል ተናደድኩ። ከዚያ ልጁን ደግሜ አየሁት። ያን ሁሉ ተማሪ፣ ያን ሁሉ ሳቅ። እኔ በዚያ ዕድሜዬ ማን ከቦኝ ያውቃል? የኔም ደረት ያችኑ ቦታ ማቃጠል ጀመረች።

ወንበር ስቤ ከአድማሱ ጎን ተቀመጥኩ። «ሰሌዳ አጠቃቀም ብቻ?» አልኩት። «እጅ ጽሑፉንስ አይተኸዋል?»

«አላየሁም!» አለ፤ ፊቱ ላይ ደም ተመለሰበት። «እስቲ ንገረኝ!»

አሁን በየዕረፍቱ እንገናኛለን። ሳንተያይ የዋልን ቀን ቅር ይለናል። አስቴር እንኳ «አንተና አድማሱ እንዴት እንዲህ ተዋደዳችሁ?» ትለኛለች። ቅናት ወዳጅ ያጣላል የሚሉ ሰዎች፣ ብቻቸውን ሲቀኑ የኖሩ ናቸው። ለሁለት ቢሞክሩት እንዴት እንደሚጣፍጥ ባወቁ!